ከኖርፎክ፣ ስለ ጡብና ኖራ

ይድረስ ለወንድሜ ለጌታሁን፣

እንደምን ሰነበትክ? ልጆቹስ አደጉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዝምታችን በዛ። ማን ቀድሞ እንደጠፋ ስንገናኝ እንከራከራለን።

አሁን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኖርፎክ ገጠር ውስጥ የድሮ ገበሬ ቤት እየጠገንን ነው። አንተ ግንበኛ ነህና ወሬው የሚጥምህ ይመስለኛል። አካባቢው ለግንብ የሚሆን ደህና ድንጋይ የለውም። ያለው ባልጩትና ሸክላ አፈር ነው። ስለዚህ ፊት ለፊቱ ቀይ ጡብ፣ ጓሮው ባልጩት። ያማረው ለመንገደኛ፣ ርካሹ ለከብት! የፊቱ ጡብ በየረድፉ አንዴ በረጅም ጎኑ፣ አንዴ በጠባብ ጫፉ እየተፈራረቀ ተደርድሯል። ፍሌሚሽ አደራደር ይሉታል።

እዚህ አገር ጡብም ይቀረጥ ነበር አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1784 እስከ 1850 ድረስ። ቀረጡ በሺህ ጡብ ስለነበር አንዳንዱ ብልጥ ጡቡን አተለቀው። መንግሥትም ነቃና በ1803 በትልልቁ ላይ እጥፍ ጣለ።

የሚያናድደው ግን ሲሚንቶው ነው። ከእኛ በፊት የጠገነው ሰው የጡቡን መጋጠሚያ በሙሉ በሲሚንቶ ደፍኖታል። የድሮው ኖራ ከጡቡ ይለሰልሳል፣ እርጥበቱም በእሱ በኩል ይወጣል። ሲሚንቶ ሲዘጋበት ውሃው ጡቡ ውስጥ ይቀራል። ብርዱ ሲመጣ በረዶ ሆኖ ያብጥና የጡቡን ፊት ይልጠዋል። አሁን ሲሚንቶው አፍጥጦ ቀርቷል፣ ጡቡ ወደ ውስጥ ተበልቷል።

የእኔ ሥራ ያንን ሲሚንቶ በመሮና በመዶሻ ቀስ እያሉ መፈልፈል ነው። ማሽን ይፈጥናል፣ ግን የጡቡን ጠርዝ ይበላል። ከዚያ ኖራና አሸዋ እንጠቀጥቃለን፤ ቶሎ እንዳይደርቅ እርጥብ ጆንያ እናለብሰዋለን። ውርጭ ሲመጣ ደግሞ ሥራው ይቆማል፣ ኖራ ውርጭ አይችልም። አለቃዬ አይቸኩልም። እኔ ግን ወገቤ አለቀ።

ጎንደርም እኮ ይኸው ሆኗል። የፋሲል ግንብ የቆመው በኖራ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ በሲሚንቶ ጠገኑት፤ ኋላ አብዛኛው ተነሥቶ በኖራ ተተካ። ያኔ እዚያ የሠሩ ግንበኞች ታውቃለህ? ካወቅህ ኖራውን ስንት ጊዜ እንደሚያቦኩት ጠይቅልኝ። እኛ ቡድን ውስጥ በዚህ ጉዳይ ሁለት ሰው አይስማማም።

አንተስ፣ አሁንም ሁሉን ነገር በሲሚንቶ ነው የምትለስነው? እማማን ሰላም በልልኝ። ጻፍልኝ።

ወንድምህ፣
ዳዊት