አዲስ የምርጫ ክልል ከመከለሉ በፊት ካርታው ይታይ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

አዲስ ወረዳ ወይም የከተማ አስተዳደር በተመሠረተ ቁጥር «የራሳችን የምርጫ ክልል ይገባናል» የሚል ጥያቄ ተከትሎ መምጣቱ የተለመደ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ ጠያቂውም ተጠያቂውም ሒሳቡን እምብዛም አያነሱትም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 እንዳይበልጡ ይደነግጋል፤ ምክር ቤቱ ደግሞ 547 መቀመጫዎች አሉት። ስለዚህ ነባሮቹ ሳይነኩ ሊጨመሩ የሚችሉት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ አንዱ የምርጫ ክልል የሚፈጠረው ሌላው ሲታጠፍ ነው። ይህንን ለሚታጠፍበት ሕዝብ ደፍሮ የሚናገር ባለሥልጣን ለማየት እጓጓለሁ።

አንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በውጤቱና በምርጫ ቦርድ ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ የምርጫ ክልሎቹን ወሰን እንዲወስን ያዛል። በ1987ቱ ቆጠራ 53.5 ሚሊዮን ገደማ የነበረው ሕዝብ በ1999ኙ 73.7 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ፤ ለ547 ሲካፈል የአንድ መቀመጫ ድርሻ ከ98 ሺህ ወደ 135 ሺህ አሻቅቧል ማለት ነው። ቀጣዩ ቆጠራ ግን በተደጋጋሚ ተራዝሟል።

ጅማን ለምሳሌ እንውሰድ። በከተማው ዳርቻ ቤት ሠርቶ የገባ ሰው ልጁን ከተማ ያስተምራል፣ ሐሙስ ገበያ ይወጣል፣ መታወቂያውን የሚያድሰው ግን በገጠር ቀበሌ ሊሆን ይችላል። ለመራጭነት ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር ስለሚያስፈልግ፣ ወሰኑ በማን አጥር ሥር እንደሚያልፍ ማወቅ ለዚህ ሰው የመብት ጥያቄ ነው። የአዌቱን ወንዝ ወሰን ማድረግም ለካርታ ሠሪ ይቀላል፤ ነገር ግን ወንዙ ከተማውን መሐል ለመሐል ስለሚያቋርጥ፣ ድልድዩን ሲመላለሱበት የሚውሉ ጎረቤታሞችን ለሁለት ተወካይ ይከፍላል።

ስለሆነም ማንኛውም አዲስ የምርጫ ክልል ረቂቅ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ከመቅረቡ በፊት፣ ወሰኑ በቀበሌና በቀጠና ስም ተዘርዝሮ፣ የተመሠረተበት የሕዝብ ቁጥር ተጽፎበት በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ቢለጠፍና ነዋሪው ቅሬታውን በጽሑፍ የሚያቀርብበት ጊዜ ቢሰጠው መልካም ነው። ጋዜጣችሁም የአሁኖቹን የምርጫ ክልሎች ካርታ ሙሉ ገጽ ሰጥቶ ቢያትምልን፣ የትኛው ወሰን መቀየር እንዳለበት በማስረጃ ለመነጋገር ይረዳናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከጅማ