ጡረተኛው ከዕድርና ከለቅሶ ቤት ውጪ የት ይገናኝ?

ለዝግጅት ክፍሉ፤ እኛ የደብረ ብርሃን ጡረተኞች የምንገናኘው ዕድር ላይ፣ ማኅበር ላይ ወይ ለቅሶ ቤት ነው። ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም! ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ገበጣ ሲጫወት፣ ጠጠሩን ከጉድጓድ ጉድጓድ እየጣለ ሲከራከር፣ ቤት ተዘግቶበት ከሚውለው ሰው ጋር አንድ አይመስልም። ከመንዝ የመጡት እናቶችስ? ባና የሚባለው ወፍራም ብርድ ልብስ የሚሠራበትን የበግ ፀጉር መፍተል ያውቁበታል፣ ግን የሚፈትሉት ለየብቻ ነው። አብረው እየተጨዋወቱ ቢፈትሉ፣ ልጆቹም ቢማሩ ምን አለበት? ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የጠዋቱ ብርድ ለሽማግሌ አይሆንም፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ይሁን። ቀበሌው አንድ ክፍል፣ ወንበርና የዳማ ሰሌዳ ይስጠን፤ ሻይና ቆሎውን እኛው እናዋጣለን።

ጡረተኛ አንባቢያችሁ፣ ከሰሜን ሸዋ