ይድረስ ደባርቅ ለሚኖሩት አባቴ

ጎንደር፣ መጋቢት 2

ውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ ከብርዱ ጋር እንዴት ሆነ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ልጆቹ ጉልበትዎን ይስማሉ። ጾሙም በሰላም ተይዟል።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርዎት ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ጤናዬን ጠይቀው፣ ልጆቹን መርቀው፣ «በይ ካርድሽ ይቆጥራል» ብለው ዘጉት። ስለዚህ ጻፍኩልዎት። መነጽርዎን አድርገው፣ ለብቻዎ ሆነው ቀስ ብለው ያንብቡልኝ። እባክዎ ለጎረቤት ልጅ አንብብልኝ ብለው አይስጡት።

ከጥምቀት በኋላ «ለሥልጠና አዲስ አበባ ልሄድ ነው» ያልኩዎት ውሸት ነበር። አዲስ አበባ ያደርኩት አንድ ሌሊት ብቻ ነው። በማግስቱ በአውሮፕላን ታንዛኒያ ገባሁ፤ ኪሊማንጃሮ የሚባለውን ተራራ ለመውጣት። ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የተሰባሰብን ስምንት ሰዎች ነበርን። ገንዘቡን ያጠራቀምኩት ሁለት ዓመት እቁብ ጥዬ ነው። የልጆቹን የትምህርት ክፍያ አልነካሁም፤ በዚህ አይስጉ።

ለምን እንደዋሸሁ የሚገባዎት ይመስለኛል። የዛሬ አራት ዓመት ራስ ደጀንን መውጣት እፈልጋለሁ ስልዎት፣ እሳት ዳር እንደተቀመጡ ቀና ሳይሉ፣ «እኔ ተራራ ለተራራ የዞርኩት እናንተ እንዳትዞሩ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ወሬውን አላነሳሁም። ሐሳቡ ግን አልለቀቀኝም። ስለ ውሸቱ ይቅር ይበሉኝ፤ የምለምንዎት ይቅርታ ግን ይህ ብቻ አይደለም፤ ሌላው ከታች አለ።

በመጀመሪያ ተራራውን ልንገርዎት። ኪሊማንጃሮ እንደ ስሜን ከሌላ ተራራ ጋር አልተያያዘም፤ ሜዳ ላይ ብቻውን ቆሟል። እሳተ ገሞራ ነው። ሺራ፣ ማዌንዚና ኪቦ የሚባሉ ሦስት ራሶች አሉት። የሁለቱ እሳት ጨርሶ ጠፍቷል፤ ትልቁ ኪቦ ግን ተኝቷል እንጂ አልሞተም፤ አፉ ውስጥ ዛሬም ድኝ ድኝ የሚሸት እንፋሎት ይወጣል። የእኛም ስሜን እኮ ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ የወጣ እሳት ነው። እርስዎ ጭነት አራግፈው የሚያርፉበት ያ ጥቁር ድንጋይ ቀልጦ ይፈስ ነበር። የኪቦ አናት 5,895 ሜትር ነው። ደጀን 4,500 ሜትርን በጥቂቱ ነው የሚያልፈው፤ ስለዚህ በደጀን ራስ ላይ ሌላ 1,300 ሜትር ዳገት ደርበው ያስቡት።

የወጣነው ማቻሜ በሚባለው መንገድ ነው። መጀመሪያ ዝናብ የማያጣው ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። ከደኑ ስንወጣ የደጋችንን ዛፍ፣ አስታን፣ አገኘሁ። አባዬ፣ አስታ! ከዚያም በላይ ጅብራ። የእኛው ጅብራ ሳይሆን ዘመዱ ነው፤ ቁመቱ አጠር ይላል። ቅጠሉ መሀል ውሃ ይይዛል፤ ማታ ውርጩ ሲመጣ ቅጠሉን ሰብስቦ ይዘጋል። ጎንበስ ብዬ በእጄ ነካሁት። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ የማይ መስሎኝ ዞር ዞር አልኩ። ከጅብራው በላይ ግን ሌላ ነው፤ አመድና ድንጋይ ብቻ።

አንድ ነገር ብነግርዎት አያምኑኝም። እኛ በሄድንበት መንገድ ላይ አንዲት በቅሎ አላየሁም። ድንኳኑ፣ እህሉ፣ ጋዙ፣ ድስቱ፣ ወንበሩ ሳይቀር የሚወጣው በሰው አናትና ትከሻ ነው። መግቢያው ላይ የእያንዳንዱ ሰው ጭነት በሚዛን ይመዘናል፤ ከሃያ ኪሎ ማለፍ የለበትም። ያለ አስጎብኚ መውጣትም ክልክል ነው። ለእኛ ለስምንት ሰዎች የተመደቡት ተሸካሚዎች ሚዛኑ ፊት ተሰልፈው ሳይ ዐይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

የእኔን ሻንጣ የያዘው ልጅ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። የአንድ እግሩ ጫማ ሶሉ ተላቆ በሲባጎ ታስሯል። እኛ ጠዋት ቁርስ በልተን ስንነሳ እሱ ድንኳን ይነቅላል፤ እኛ መንገድ ላይ ስናርፍ ጭነቱን ተሸክሞ እየሮጠ ያልፈናል፤ ሰፈሩ ስንደርስ ድንኳኔ ተተክሎ፣ ደጃፉ ላይ ሙቅ ውሃ በሳህን ተቀምጦ ይጠብቀኛል። በመጀመሪያው ምሽት እጄን ውሃው ውስጥ ከተትኩ። ሙቀቱ ጣቶቼን ሲይዛቸው እርስዎን አየሁ። በስሜን ሰፈሮች፣ ሳንቃበር ላይ፣ ግጭ ላይ፣ ጨነቅ ላይ ለስንት እንግዳ ውሃ አሙቀው አቀረቡ? ማን እጁን ታጥቦ ስምዎን ጠየቀ? በፈረንጆች 1889 ይህን ተራራ መጀመሪያ የወጡት ሀንስ ማየርና ሉድቪግ ፑርትሼለር ናቸው ተብሎ በየመጽሐፉ ተጽፏል። ስንቃቸውን ተሸክመው ከወጡት የአገሩ ሰዎች የብዙዎቹ ስም የለም። ልጁን ስሙን ጠየቅኩት። የእርስዎንም ስም ነገርኩት፤ አባቴም ሥራው ይህ ነበር አልኩት። በእንግሊዝኛ በደንብ ባንግባባም በቅሎ የሚለውን በእጄ ጆሮ ሠርቼ አስረዳሁት።

አሁን ሁለተኛውን ይቅርታ ልጠይቅዎ።

ዘጠነኛ ክፍል ጎንደር የገባሁ ዓመት፣ ትምህርት ቤት ፎርም ሲያስሞሉን «የአባት ሥራ» የሚል መስመር ነበር። «ነጋዴ» ብዬ ጻፍኩ። እርስዎ ይህን አያውቁም። የሚያውቁት ሌላውን ነው። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ስንቅ ይዘውልኝ መጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ጋቢዎ በቅሎ በቅሎ ይሸታል፤ መጫኛው ትከሻዎ ላይ ነው። ጓደኞቼ እያዩ ወደ እርስዎ መጥቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ሌላ ጊዜ በሩ ላይ አይጠብቁኝ» አልኩዎት። አልተቆጡኝም። ቆሎውንና በሶውን ሰጥተውኝ፣ ግንባሬን ስመው ሄዱ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ስንቄን አራዳ ከሚገኝ ሱቅ ላይ አደራ እየተዉልኝ ይመለሱ ነበር። መቶ ኪሎ ሜትር በጭነት መኪና ላይ መጥተው፣ ሳያዩኝ።

ሃያ ሦስት ዓመት ሆነው። አንድም ቀን አላነሱብኝም። እኔም አላነሳሁም። ዳገቱ ላይ ያ ልጅ ሻንጣዬን ተሸክሞ ባለፈ ቁጥር ግን በሩ ላይ የቆሙት ዐይኔ ላይ ይመጣሉ። አባቴ፣ አፍሬብዎት ነበር። ዛሬ የማፍረው በዚያ ማፈሬ ነው። ይቅር ይበሉኝ።

የመጨረሻውን ሌሊት ሳልነግርዎ አላልፍም፤ ምክንያቱም በሕይወት የመለሰኝ እርስዎ ያስተማሩኝ ነገር ነው።

ባራፉ ከሚባለው ሰፈር፣ ከ4,673 ሜትር፣ እኩለ ሌሊት ላይ ተነሳን። ባራፉ በእነሱ ቋንቋ በረዶ ማለት ነው። ግንባራችን ላይ ባትሪ አስረን፣ አንዱ የሌላውን ተረከዝ እያየ ነው የሚሄደው። አስጎብኚዎቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ፖሌ ፖሌ» ይሉን ነበር፤ ቀስ በቀስ ማለት ነው። እኔ ግን የደባርቅ ልጅ ነኝ ብዬ በፊቶቹ ቀናት ከሁሉ ፊት ፊት እሄድ ነበር። እርስዎ «ዳገት በእልህ አይወጣም» ይሉ አልነበር? እኔ ነርሷ ይህን ረሳሁት። ከፍ ባሉ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ አናቱ ላይ አንድ ትንፋሽ የሚሰጠው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው ግማሽ ያህል ነው። ሰውነት እስኪለምደው ቀናት ይፈልጋል። ጊዜ ካልሰጡት በመጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፤ ሲብስ አንጎል ውስጥ ውሃ ይቋጥርና ሰውየው እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ያኔ መድኃኒቱ መውረድ ነው። በሽተኛ ቢነግረኝ ኖሮ ወዲያው አወርደው ነበር። የራሴን ራስ ምታት ግን ከአሥር ሰዓት ሌሊት ጀምሮ ለማንም ሳልናገር ተሸክሜ ወጣሁ።

ጎሕ ሲቀድ የእሳተ ገሞራው አፋፍ ላይ ደረስን። ስቴላ ይባላል፤ 5,756 ሜትር ነው። ከታች ደመናው እንደ ባዘቶ ተዘርግቷል፤ ማዌንዚ ከደመናው ውስጥ ጥቁር ጥርሱን አውጥቷል፤ በግራ በኩል በረዶው ፀሐይ ነክቶት ቀልቷል። ወደ አናቱ የቀረው 139 ሜትር ከፍታ ብቻ ነበር፤ መንገዱም ከዚያ ወዲያ ለጥ ያለ ነው። የጓንቴን ማሰሪያ ልፈታ ስል ጣቶቼ እምቢ አሉኝ። ዋናው አስጎብኚ አየኝ። መሬቱ ላይ በምርኩዙ መስመር አሰመረና ተረከዝሽን ከጣትሽ እያገጣጠምሽ ሂጂ አለኝ። በሦስተኛው እርምጃ ወደ ጎን ወደቅኩ። «ደህና ነኝ» አልኩት። ተነስቼ ደግሜ «ደህና ነኝ» አልኩት።

ይህን ቃል ስናገር ነው ያ ታሪክ ትዝ ያለኝ። አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ተኝታለች ብለው ለእናቴ ሲያወሩ ሰማሁ። ከቧሂት ተራራ ሥር አንድ ጎበዝ ፈረንጅ የጫማውን ክር ማሰር አቅቶት፣ እግሩ እየተጠላለፈ፣ ወደ ላይ ካልወጣሁ ብሎ ሲጮህብዎት፣ እርስዎ ጭነቱን አራግፈው ሰውየውን በቅሎዋ ላይ ጫኑት፤ ልጓሙን ይዘውም ሌሊቱን ከጨነቅ እስከ ሳንቃበር ወሰዱት። ያኔ ጣት ላይ ተደርጎ ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ አልነበረዎትም። እግሩን አይተው ነው ያወቁት። ለእናቴ «ጉርሻውን ከልክሎኝ ሄደ፤ ነፍሱን ግን ይዞ ሄዷል» አሏት። በዚያ ወር የእኔን ደብተር ለመግዛት በግ ሸጡ።

ስለዚህ አልተከራከርኩም። ሌሎቹ ሰባት ወደ አናቱ ሄዱ፤ እኔ ረዳት አስጎብኚው ክንዴን ይዞኝ ወደታች ዞርኩ። አለቀስኩ፣ አልደብቅዎትም። በዚያ ልቅ አሸዋ ላይ ስንወርድ ብዙም ሳይቆይ ራሴን የጨመደደኝ ነገር ላላ ማለት ጀመረ። ባራፉ ስደርስ የልጆቼን ስም በትክክል መጥራት ቻልኩ። ያ ሻንጣዬን የሚሸከመው ልጅ መምጣቴን ሰምቶ ሻይ ይዞ ወደ ላይ ተቀበለኝ። ማምሻውን 3,100 ሜትር ላይ፣ ምዌካ ሰፈር፣ እስኪነጋ ተኛሁ። አሁን ፍጹም ጤነኛ ነኝ፤ ተመርምሬያለሁ።

በመጨረሻው ቀን ጉርሻ የሚሰጥበት ሥርዓት አለ። ገንዘቡ በፖስታ ሲታደል፣ እርስዎ ከጉዞ ሲመለሱ ኩራዝ ሥር ብሩን እየቆጠሩ ለሦስት ሲከፍሉት ታየኝ፤ ለበቅሎዎቹ ገብስ፣ ለቤት፣ ለእኔ ትምህርት። የእኔን ድርሻ ለልጁ በእጁ ሰጠሁት፤ ጫማዬንም ጨመርኩለት። ልኩ ሆነ።

ለፋሲካ እመጣለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የጉልበትዎን ቅባትና የሱፍ ካልሲ ልኬያለሁ፤ ቅባቱን ማታ ማታ ብቻ ይቀቡት። ስመጣ የምጠይቅዎት ነገር አለኝ፤ እስከዚያው ያስታውሱልኝ። እርስዎ እንግሊዝኛ አይችሉም፣ ያ ፈረንጅም አማርኛ አያውቅም ነበር። በዚያ ጨለማ፣ ያን ያህል እየጮኸብዎት፣ ምን ብለው ነው በቅሎዋ ላይ ያስቀመጡት?

ልጅዎ