ይድረስ ለአባዬ፣ ስለዚህ አገር ፈረቃ

ጆሃንስበርግ
ግንቦት 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ብርዱ ግን ገብቷል። የዚህ አገር ክረምት ዝናብ የለውም፤ አጥንት የሚሰረስር ደረቅ ብርድ ነው።

ስልክህ ለምን አይሠራም ብላችሁ አትጨነቁ። መብራት ሲጠፋ የኔትወርክ ማማው በባትሪ ይቆያል፤ ባትሪው በደንብ ሳይሞላ መብራቱ እንደገና ይሄዳል። ይኸው ነው ሌላ ነገር የለም። ይህንንም በወረቀት የጻፍኩት ነገ ማታ ወደ አገር የሚገባ የናዝሬት ልጅ ስላገኘሁ ነው። በስልክ ቢሆን መሃል ላይ እየተቆረጠ ግማሹን ትሰማና የባሰ ታስብ ነበር።

የዚህ ወር ብር አንሶብሃል፤ ምክንያቱ ፍሪዘሩ ነው። መብራቱ ሲመለስ ኃይሉ ከልክ አልፎ መጣና ሞተሩን አቃጠለው። ውስጡ የነበረውን የዶሮ እግር (እዚህ በጣም ይበላል፣ አትሳቅ) ገሚሱን ለጎረቤት ሰጠሁ፣ የቀረውን ጣልኩት። በሚቀጥለው ወር አስተካክላለሁ፤ የእማዬ መድኃኒት ግን በምንም ምክንያት አይጓደል።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። በቴሌቪዥን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በመብራት ምክንያት ጎማ ሲቃጠል አይተህ፣ «እኛ በ2011 ግንቦት ጊቤ 3 ውሃው ጎድሎ በፈረቃ ስንኖር ማን ጎማ አቃጠለ? የድንጋይ ከሰል ተርፎት ለውጭ የሚሸጥ አገር ሕዝብ ምን ሆኖ ነው?» ብለሃል አሉ። አባዬ፣ ይሄ ሕዝብ የተቆጣው በፈረቃው አይደለም። ፈረቃውንማ ከማንም በላይ ለምዶታል።

ነገሩን በሙያህ ላስረዳህ። እዚህ ፈረቃው ሎድ ሼዲንግ ይባላል፤ ደረጃ አለው፤ እያንዳንዱ ደረጃ 1000 ሜጋዋት ነው። በዚህ ወር ብዙውን ማታ ያለነው ደረጃ 6 ላይ ነው። 6000 ሜጋዋት ከሕዝቡ ላይ ይቆረጣል ማለት ነው። ዕድሜህን የፈጀህበት ቆቃ 43 ሜጋዋት ነው፤ እንግዲህ 140 ቆቃ በየማታው ይዘጋል ብለህ አስበው። የአገራችን ጣቢያዎች በሙሉ፣ በአባይ ላይ ሥራ የጀመሩት ሁለቱ ተርባይኖች ጭምር፣ ቢደመሩ እዚህ አይደርሱም። ክረምቱ ከከፋ ደረጃ 8 ሊመጣ ይችላል ብለው ባለፈው ሳምንት ተናግረዋል።

ምክንያቱ ደግሞ እንደኛ የውሃ መጉደል አይደለም። ኤስኮም የሚባለው የመንግሥት ድርጅት ከ40,000 ሜጋዋት በላይ የሚያመነጩ ጣቢያዎች አሉት። ግን አብዛኞቹ ያረጁ የከሰል ጣቢያዎች ናቸው፤ ዛሬ አንዱ ነገ ሌላው ይሰበራል። አዲስ የተባሉትም አልሆኑም። ሜዱፒ ላይ አንዱ ዩኒት በ2013 ነሐሴ ፈነዳ፤ ኩሲሌ ላይ ባለፈው ጥቅምት የጭስ መውጫው ተደርምሶ ሦስት ዩኒቶች ከሥራ ውጪ ሆኑ። አንተን የሚያናድድህን ደግሞ ልንገርህ፤ መንግሥት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው የኢነርጂ ፖሊሲ ሰነድ ላይ፣ አዲስ ጣቢያ ካልተሠራ በ2007 ኃይል ያጥራል ተብሎ ተጽፏል። አልተሠራም። እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ መብራት መቆራረጥ ሲጀምር የያኔው ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ ጥፋቱ የመንግሥት መሆኑን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ ዛሬ ሃይስኩል ገብቷል።

ስለዚህ ሰው ለምዷል። ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ የሚያየው የፈረቃውን ሰዓት የሚነግረውን አፕ ነው። ሠርጉም፣ ልብስ ማጠቡም፣ ፀጉር መሠራቱም በዚያ ነው የሚቀጠረው። ጄፒ በሚባለው የሐበሾች ሰፈር ያሉት የእኛ ሰዎችም እንደዚያው ናቸው። እንጀራ የምታስረክበኝ እህት ሌሊት 8 ሰዓት ተነስታ ምጣዷን ትጥዳለች፤ ደረጃው በድንገት ሲቀየር ሊጡ ይኮመጥጥባትና ለዚያ ሳምንት የምንበላው እንጀራ ፊት ያስጨፍጋል። መብራት ሲመጣም ልጆቹ «ኡጌሲ!» (መብራት!) እያሉ ሲጮሁ ብትሰማ፣ ናዝሬት እኛ «መጣ!» እያልን የምንጮኸውን ያስታውስሃል።

ለሱቄ ደግሞ ዋናው ገበያ ማታ ነው። ምን እንደምሸጥ ታውቃለህ? መብራት። እዚህም እንደ እኛ ካርድ ቆጣሪ አለ፤ ብሩን ትሰጠኛለህ፣ ከማሽኗ 20 አኃዝ ያለባት ቀጭን ወረቀት ትወጣለች፣ ቁጥሩን ቆጣሪህ ላይ ትሞላለህ። ጎጎ ብለን የምንጠራቸው አንዲት አሮጊት አሉ። ሻማቸውን በቆርቆሮ ላይ አቁመው በጨለማ መጥተው የ20 ራንድ መብራት ይገዛሉ። መነጽራቸው የተሰበረ ስለሆነ ቁጥሩን በስልክ መብራት እያየሁ በትልልቁ እገለብጥላቸዋለሁ። «አሁን እኮ ጨለማ ነው፣ ለምን ይገዛሉ?» ብላቸው «ሲመጣ ዝግጁ ሆኜ እንዲያገኘኝ» አሉኝ። ዋጋው ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ 18.65 በመቶ ጨምሯል ይባላል፤ ይህን ሲሰሙ ደግሞ «በሌለ ዕቃ ላይ ዋጋ የጨመርከው አንተ ብትሆን ሱቅህን እናቃጥልብህ ነበር» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ያን ማታ ግን በሩን ቶሎ ቆለፍኩ።

እንግዲህ ቁጣው የት ነው ብትለኝ፣ እኩል አለመሆኑ ላይ ነው። አሌክሳንድራ የሚባለው የድሆች ሰፈር ያለ ጓደኛዬ ጋ ሄጄ ማታ ብቅ ብል፣ መንገዱን ተሻግሮ ያለው የሀብታሞቹ ሰፈር ሳንድተን ቦግ ብሎ ይታያል። የገበያ ማዕከሉ ጄኔሬተር አለው፤ ባለቪላው ጣሪያው ላይ ሶላር ገጥሟል። መንግሥትም ሶላር ለገጠመ ሰው እስከ 15,000 ራንድ ከግብሩ ይቀንስለታል። ይሄ ለማን ነው የሚጠቅመው? ግብር ለሚከፍልና ጣሪያ ላለው። የቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር ምንም የለውም። ሎኬሽን (የጥቁሮች ሰፈር) ውስጥ ደግሞ ሎድ ሼዲንግ በሌለበት ቀን እንኳ፣ መስመሩ ተጨናንቋል፣ ስርቆት በዝቷል ተብሎ ጠዋትና ማታ ይዘጋል። ሰው ገላውን በሚታጠብበትና ራቱን በሚሠራበት ሰዓት ማለት ነው።

ስርቆቱ ውሸት ነው አልልህም። ገመድ ከፖል ላይ የሚቀጥሉትን እዚህ «እባቦች» ይሏቸዋል፤ ብታያቸው እንቅልፍ አይወስድህም፣ የተላጠ ሽቦ መንገድ አቋርጦ መሬት ለመሬት ይሄዳል። መብራቱ ሲመለስ ሁሉም ምድጃና ማሞቂያ አንድ ላይ ይነሳና ትራንስፎርመሩ ይፈነዳል። ከእኛ በታች ያለው መንገድ ከፋሲካ በፊት ነው የፈነዳበት፤ እስከ ዛሬ አልተተካም። ቆጣሪ ዘልሎ መብራት ሲጠቀም የተገኘ ሁሉ ከ6000 ራንድ በላይ ቅጣቱን ካልከፈለ አይተካም ተባለ። የከፈለውም ካልከፈለው ጋር በጨለማ ተቀምጧል። አንተ ትራንስፎርመር ሲፈነዳ በዝናብ ሌሊት ተጠርተህ የምትወጣ ሰው ስለሆንክ ይህ አይገባህም። ጎማው የሚቃጠለው እንዲህ ያለው መንገድ ላይ ነው። በሰዓቱ ሄዶ በሰዓቱ ለሚመጣ መብራት ሲቃጠል አላየሁም።

በፖለቲካው በኩል የሆነውን በዜና ሰምተሃል። የካቲት 2 ቀን ፕሬዚዳንት ራማፎሳ ብሔራዊ የአደጋ ጊዜ አወጀ፤ ሁለት ወር ሳይሞላው ተነሳ። የመብራት ሚኒስትር የሚባልም ሾመ። መጋቢት 11 የተቃዋሚው የማሌማ ፓርቲ አገር ይዘጋ ብሎ ሰልፍ ጠራ፤ ከ3000 በላይ ወታደር ወጣ፤ እኛም ሱቃችንን ዘግተን ዋልን። እውነቱን ለመናገር ከሰልፉ ይልቅ ፍርድ ቤቱ ይሻላል። ሚያዝያ 27 የፕሪቶሪያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤትና ፖሊስ ጣቢያ መብራት እንዳይቋረጥባቸው አዟል። መንግሥት ይግባኝ ብሏል፤ ቢሆንም ፓርቲዎችና ማኅበራት መንግሥትን ከሰው እንዲህ ያለ ፍርድ ማግኘታቸው እኔን ገርሞኛል።

የሚቀጥለውን ለእማዬ አታንብብላት። ጨለማው ለእኛ ለባለሱቆቹ ሌላ ነው። ሰው ሲከፋው አጠገቡ የሚያገኘው ሚኒስትሩን አይደለም፤ ፍርግርግ ብረት ውስጥ የቆመውን የውጭ አገር ሰው ነው። እስካሁን ክፉ አልደረሰብኝም፤ ጎረቤቶቼ ይወዱኛል፣ ዱቤም እሰጣለሁ። ግን መንገዱ ላይ ጨለማ ሆኖ ጎማ ሲሸት በፍርግርጉ ቀዳዳ ብቻ ነው የምሸጠው።

ለዚህ ነው ኢንቨርተር ልገዛ ያሰብኩት፤ ቢያንስ ውጪ ያለችዋ አምፖልና የመብራት መሸጫዋ ማሽን እንዳይጠፉ። ኢንቨርተሩ ላይ 24 ቮልት ይላል። ባለ 12 ቮልት ሁለት ባትሪ አግኝቻለሁ፤ አንዱ አዲስ ነው፣ ሌላው ያገለገለ። ሻጩ በተከታታይ ቢያያዙ ምንም አይሆንም ይላል። እኔ ግን አሮጌው አዲሱን እንዳይገድልብኝ ፈራሁ። ካቦው የትኛው ውፍረት ይሁን? ፊውዙስ ስንት አምፔር ይበቃዋል? ሰውዬው ለእኔ ብሎ የሚያቆየው እስከሚመጣው ሐሙስ ነው፤ ደብዳቤው እንደደረሰህ መልሱን በድምፅ ቀድተህ ላክልኝ፤ ኔትወርክ ሲመጣ ይገባልኛል።

እማዬን፣ እህቶቼንና ጎረቤቱን ሁሉ ሳምልኝ።

ልጅህ