ደረቅ ሞላ መኪናን አያጠነክርም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰሞኑን በመኪና ዓምዳችሁ ስለ ክፍት (ጣሪያቸው የሚነሳ) ስፖርት መኪኖች የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ስፖርት መኪና የፈለገ ሰው ምቾትን ይርሳ ባይ ናቸው። ሞላው ካልደረቀ፣ ማለትም በቀላሉ የሚጨመቅ ከሆነ፣ መኪናው መንገድ አይዝም ይላሉ። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ 27 ዓመት በመካኒክነት ሠርቻለሁ። አብዛኛው ሥራዬ ከመኪና ሆድ ሥር ነው፤ ሞላ፣ ሾክ (የሞላውን መዋለል የሚያበርደው)፣ ጎሚኒ (በብረት መጋጠሚያ መሃል የሚገባ ላስቲክ)፣ ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ሞላ)። ይህን አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ዓምና አንድ ወጣት ቀይ ማዝዳ ሚያታ ይዞ ጋራዤ መጣ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነች መኪና ናት። እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ የወጣችው የመጀመሪያዋ ዓይነት። «ጋሼ፣ ወገቤ አለቀ። ዳሽቦርዱም ሊወልቅ ነው» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ አጭርና ደረቅ ሞላ ተገጥሞላታል። ቸርኬዋም ከ14 ኢንች ወደ 17 አድጓል። እውነት ለመናገር ታምራለች። መሬት ላይ ልጥፍ ብላ ስትቆም የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ከበቧት።

አብሬው ወደ ደሴ ወጣሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ከ1,900 ሜትር በታች ተነስቶ ወደ 2,500 ሜትር ይወጣል፤ ሐረጎ የሚባለው ዳገት ላይ ደግሞ ኩርባው አያልቅም። አስፋልቱ በከባድ መኪና የተጨፈለቀበት ቦታ ብዙ ነው። ኩርባ ውስጥ ጉብታ ባገኘን ቁጥር የኋላ ጎማዋ ዘለል ይልና ወደ ጎን ትሸሻለች። መስታወቷ ከመንቀጥቀጡ የተነሳ ከኋላችን የሚመጣው አይሱዙ ሁለት ሆኖ ይታየኛል። ልጁ መሪውን ጨምድዶ ይዟል። መንገድ መያዝ የተባለው እንግዲህ ይህ ነው?

ጎማ መንገድ የሚይዘው መሬት ሲነካ ነው። አየር ላይ ያለ ጎማ ፍሬንም አይሰማ፣ መሪም አይሰማ። ለስላሳ ሞላ ጎማውን ጉድጓዱ ውስጥ ያወርደዋል፣ ጉብታውንም ያስወጣዋል፤ ቦዲው ግን ብዙም አይረበሽም። ሞላው ይሸከማል፣ ሾኩ ያረጋጋል። ብዙ ደንበኛ መኪናው ሲዋልልበት «ሞላው ላልቷል» ይለኛል። ፈትቼ ሳየው ግን ብዙ ጊዜ ያለቀው ሾኩ ነው። ጉድጓድና ጉብታ በሌለው የውድድር ሜዳ ደረቅ ሞላ ይሠራል፤ አልክድም። ሐረጎ ግን የውድድር ሜዳ አይደለም።

ጣሪያ የሌለው መኪና ደግሞ የባሰ ችግር አለበት። ለልጁ በክብሪት አሳየሁት። የክብሪቱን መሳቢያ ከነሽፋኑ ጠምዝዘው፤ እምቢ ይላል። መሳቢያውን ብቻውን አውጥተህ ጠምዝዘው፤ እንደ ጨርቅ ይጠመዘዛል። እንደ ሚያታ ያሉ መኪኖች እንደ ፒክአፕ ለብቻው የቆመ ሻንሲ (መኪናውን የሚሸከም የብረት አጽም) የላቸውም። ቦዲው ራሱ ሻንሲ ነው፤ ጣሪያውም ሥራ አለው። ጣሪያው ሲነሳ ፋብሪካው ከወለሉና ከበሩ ሥር ብረት ጨምሮ ያካክሳል። ለዚህ ነው ክፍት መኪና ብዙ ጊዜ ባለ ጣሪያ ከሆነው ወንድሙ የሚከብደው። እንዲያም ሆኖ ትንሽ መጠማዘዙ አይቀርም። በዚህ ላይ ደረቅ ሞላ ስትገጥምለት ሞላው ያልዋጠውን ምት ሁሉ ቦዲው ይቀበላል። ቦዲ ደግሞ ሾክ የለውም። የዳሽቦርዱ ጩኸት ከዚያ ነው የመጣው።

ምን አደረግን? ለራሷ የተሠራውን ሞላ ከአዲስ አበባ አስመጣን። ሾኮቹንና የተሰነጣጠቁትን ጎሚኒዎች ቀየርን። ቸርኬዋን ወደ 14 መለስን። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፦ ፋብሪካው የሰጣት 185/60 ጎማ (ስፋቱ 185 ሚሊ ሜትር፣ የጎን ግድግዳው የዚያ 60 በመቶ ማለት ነው) ግድግዳው 11 ሴንቲ ሜትር ነው። 17 ቸርኬው ላይ የነበረው 205/40 ግን 8 ሴንቲ ብቻ ነው። የጠፋችው 3 ሴንቲ ጎማ ራሷ ሞላ ነበረች። ንፋሱንም 35 ሞልተውት ነበር፤ ፋብሪካው በሚለው 26 አደረግሁት። ከ1,000 ኪሎ በታች የምትመዝን መኪና ይህን ያህል ንፋስ ምን ያደርግላታል?

ኪሳራ የለውም አልልም። አሁን ኩርባ ላይ ታጋድላለች፤ ሐረጎን ስንወርድ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫዋ ይደፋል። ማጋደሉን በስታቢላይዘር (የግራና የቀኝ ጎማን በሚያያይዘው ብረት) መቀነስ ይቻላል። ዘለል ብላ መሸሿ ግን ቀርቷል። ልጁ ያንኑ ኩርባ በአንድ እጁ መሪ ይዞ ወረደው። ይህ ደግሞ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የሎተስ መኪና ፋብሪካ መሥራች እንግሊዛዊው ኮሊን ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1962 ሎተስ ኤላንን ሲያወጣ ለስላሳ ሞላ በጠንካራ ሻንሲ ላይ አስቀምጦ ነው። ያቺ ክፍት መኪና በመንገድ አያያዟ እስካሁን ትጠቀሳለች።

ይህን የምጽፈው ግን ለሚያታ ብቻ ብዬ አይደለም። በእኛ አገር ሚያታ ያለው ስንት ሰው ነው? የሚያስፈራኝ የሰርግ መኪና ነው። አሮጌ ቮልስ ወይም የቤት አውቶሞቢል ጣሪያው በግራይንደር ይቆረጥና ቀለም ተቀብቶ ሙሽራ ይጫንበታል። ጀርመን አገር ካርማን የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1980 ክፍት ቮልስ ሲሠራ ጎንና ጎኑን በብረት አጠናክሮ ነበር። እኛ ጋ ቆራጩ ምን ጨመረ? አበባና ሪባን። አንዱን ባለፈው ጥር አየሁት። አንድ ጎኑን በክሪክ ሳነሳው ቦዲው ተጠማዞ በሩ ተቀርቅሮ አልከፈት አለ። በማግስቱ ሙሽሮች ጭኖ ደሴ ሊወጣ የነበረ መኪና ነው። ባለቤቱን ለምኜ አስቀረሁት።

ስለዚህ ጽሑፌን ጥር ሳይገባ ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል። ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ ጣሪያው የተቆረጠ መኪና ያለው ሰው ከሰርጉ በፊት በአቅራቢያው ወዳለ መካኒክ ይውሰደው። እኔ ጋ ከመጣም በክሪክ አንስተን በሩን ከፍተን እንዘጋለን። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ገንዘብም አልጠይቅም።

አክባሪያችሁ
መካኒክ፣ ከኮምቦልቻ