የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን እንዳይፈርስ፦ ለእንግሊዝ የባህል፣ ሚዲያና ስፖርት ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

እንደምን ከረማችሁ። ይህን ደብዳቤ በእንግሊዝኛም ጽፌ ልኬላችኋለሁ። በአማርኛ ያወጣሁት ወገኖቼም እንዲያነቡት ብዬ ነው። ነገሩ እኛንም ይነካናል፤ ብዙዎቻችን በዚህ አገር ስናስቀድስ የኖርነው በአንግሊካኖች (በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን) ቤት ተጠግተን ነው።

የኛ ማኅበር የሚገለገልበት ቤተ ክርስቲያን ያለው ለንደን ዳር ላይ፣ ሁለት ፎቅ የመኖሪያ ቤቶች ተደርድረው በቆሙበት ሰፈር ነው። እሁድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንገባለን። ጠዋት የቤቱ ባለቤቶች ከመምጣታቸው በፊት ጠራርገን እንወጣለን። ቤቱ የተሠራው በ1960ዎቹ ነው (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእናንተው አቆጣጠር ነው)። ጣራው ጠፍጣፋ፣ ግድግዳው ያልተለሰነ ጡብ፣ ምሰሶው ኮንክሪት ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ ቤታቸውን ከፍተው የተቀበሉንን ሰዎች ማስቀየም አልፈልግም። አሁን ግን ጣራው ያፈሳል። የነሱም ምእመን እየቀነሰ ሄዷል። "ይፍረስና አፓርታማ ይሠራበት" የሚል ወሬ ከሰማን ከራርመናል።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ሳየው አልወደድኩትም። "መጋዘን ነው እንዴ?" ነው ያልኩት። እናቴም በስልክ ቪዲዮ አይታው "ጉልላቱስ የታለ ልጄ?" ብላኛለች። ግን ቤት ሲኖሩበት ነው የሚታወቀው። ከጣራው ሥር ዙሪያውን ቀጭን የመስታወት መስመር አለ። በበጋ ቅዳሴው ሲጋመስ ፀሐይ በዚያ ትገባለች። መጀመሪያ ኮንክሪቱን ትነካለች፤ ቀስ ብላ ወርዳ ነጠላው ላይ ታርፋለች። ያን ጊዜ ምሰሶውን ቀረብ ብሎ ላየው፣ ሲሚንቶው ሲሞላ የያዘው የጣውላ መስመር ታትሞበት ይታያል። የእንጨቱ ዓይን ሳይቀር አለ። በአገር ቤት ግንበኛ የነበሩ አንድ አዛውንት አሉን፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። አንድ ቀን መዳፋቸውን ምሰሶው ላይ አሳርፈው "ይሄን የሠራ ሰው አልቸኮለም" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ መጋዘን ብዬው አላውቅም።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ የገባኝ ግን ሌላ ቤት ካየሁ በኋላ ነው። ምሥራቅ ለንደን፣ ቦው ኮመን የሚባል ሰፈር ውስጥ የቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን አለ። የቀድሞው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ወደመ። በቦታው ሮበርት ማጓየርና ኪት መሪ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች አዲስ ቤት ነደፉ፤ በ1960 ተመረቀ። ከውጭ ሲያዩት ጥቁር ሐምራዊ ጡብ ነው። ወለሉ የእግረኛ መንገድ ላይ የሚነጠፈው ዓይነት ተራ የኮንክሪት ንጣፍ ነው። መንበሩ ግን መሃል ላይ ነው ያለው። ከላዩ ብርሃን የሚያስገባ ትልቅ የመስታወት ጣራ አለ፤ ሕዝቡ ዙሪያውን ይሰበሰባል።

ጎጃም ወይም ጎንደር ክብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። መቅደሱ መሃል ነው፤ ቅድስቱና ቅኔ ማኅሌቱ ይከቡታል። በእርግጥ የኛ መቅደስ በግድግዳና በመጋረጃ የተሰወረ ነው፣ የነሱ መንበር ለሁሉ ይታያል። ቢሆንም ሰው ቅዱሱን ነገር ከቦ እንዲቆም የፈለገ አእምሮ በሁለቱም ቤት አለ። የእንግሊዝ አርክቴክቶች ከጦርነቱ በኋላ የደከሙት ለዚህ ነበር። ካህኑ ከሩቅ፣ ሕዝቡ ተሰልፎ ከኋላ የሚሆንበትን ረጅም አዳራሽ ትተው ሰዉን ወደ መንበሩ ማቅረብ ፈለጉ። የኛም ሰፈር ቤት ወንበሮቹ መንበሩን በሦስት ጎን ይከቡታል። ከበሮው ሲመታ ድምፁ ወደ ኋላ ሄዶ አይጠፋም፤ መሃል ላይ ይሰበሰባል።

ቦው ኮመን በሩ ላይ ራልፍ ቤየር የቀረጸው ጽሑፍ አለ። ከዘፍጥረት 28 የተወሰደ ነው፤ "ይህ የእግዚአብሔር ቤት ነው እንጂ ሌላ አይደለም፥ ይህም የሰማይ ደጅ ነው" የሚለው። ከልጅነቴ የማውቀው ቃል ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በማላውቀው ሰፈር፣ ጡብ ላይ ሳነበው እንባዬ መጣ።

ያ ቤት ዛሬ "ሁለተኛ ደረጃ ኮከብ" በሚባለው እርከን በቅርስነት ተመዝግቧል። በ2013 ከዘመናዊ አብያተ ክርስቲያናት ምርጡ ተብሎ ተሸልሟል። ማንቸስተር ዳር ዊዘንሾው የሚገኘው የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ተመዝግቧል። በ1937 የተሠራ ነው፤ ሁለት አራት ማዕዘን ተደራርበው እንደ ኮከብ ሆነው የተነደፈ። እዚያው ዊዘንሾው ያለው የአርክቴክቱ የጆርጅ ፔስ ሥራ፣ የዊልያም ቴምፕል መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያንም በመዝገቡ አለ። በዚህ አመሰግናችኋለሁ። የሚያሳስበኝ ስመ ጥር አርክቴክት የሌላቸው ናቸው። ያው ሐሳብ፣ ያው ጡብ፣ ያው ድካም አለባቸው። ግን እነሱን ፎቶ የሚያነሳ ቱሪስት የለም። ገና ቅርስ የሚባል ዕድሜ አልደረሱም ብሎ የሚያስብም ብዙ ነው። ሕንፃ ሲመዘገብ የምትከተሉት ልማድ ግን 30 ዓመት ነው፤ እነዚህ እጥፉን ወይ ደፍነዋል ወይ ተቃርበዋል። እኛ አገር አዲስ አበባ ውስጥ አርክቴክቱ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው አፍሪካ አዳራሽ አለ፣ በ1961 የተመረቀ፣ የእነዚህ ቤቶች እኩያ ማለት ነው። ከነአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል በጥንቃቄ ታድሶ በጥቅምት 2024 ሲከፈት ለቅርስነት ገና ነው ያለ ሰው አልሰማሁም።

አሁን ወደ ጣራው ልመለስ። ክረምት ላይ ከመንበሩ በስተግራ ሁለት ባልዲ እናስቀምጣለን። ዲያቆኑ በየመሃሉ ሄዶ ይደፋዋል። ለማስጠገን ተጠይቆ የመጣው ዋጋ ላይ 20 በመቶ ቫት አለ። አፍርሶ አዲስ መኖሪያ ለሚሠራ ደግሞ ግንባታው ቫቱ ዜሮ ነው። እንግዲህ ደካማ ደብር የቱን ይመርጣል? ከ2001 ጀምሮ ለተመዘገቡ የአምልኮ ቤቶች የጥገና ቫት የምትመልሱበት ድጋፍ ነበራችሁ። በ2025 እሱም ለአንድ ቤት በዓመት ከ25,000 ፓውንድ እንዳያልፍ ተወሰነ። ያልተመዘገበ ቤት ግን ከዚያም አይደርሰውም ነበር። ስላልተመዘገበ አይጠገንም፤ ስላልተጠገነ ያረጃል፤ ስላረጀ "ምኑ ይመዘገባል?" ይባላል።

ጠፍጣፋ ጣራ እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። ኮንክሪት ቤት በታኅሣሥ ማሞቅ ገንዘብ ይበላል። ሁሉም የ1960ዎቹ ቤተ ክርስቲያን ይቁም አልልም፤ በችኮላ የተሠሩ፣ ነፍስ የሌላቸውም አሉ። ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይታይ ቡልዶዘር አይቅደም። ለቤቱ ባለቤቶችም ይህን እላለሁ፤ ከተመዘገበ ምስማር መምታት አይቻልም የሚባለው ልክ አይደለም። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የራሷ የፈቃድ ሥርዓት ስላላት ለውጥ ሲያስፈልግ በዚያ በኩል ይታያል።

የምለምናችሁ ይህን ነው። ስለ ቅርስ የሚያማክራችሁ መሥሪያ ቤት፣ የሂስቶሪክ ኢንግላንድ ባለሙያዎች ከጦርነቱ በኋላ በየከተማው ዳር የተሠሩትን ቤቶች አንድ በአንድ ዞረው ይዩ፤ ሊዘጉ የተቃረቡትን ያስቀድሙ። የመጨረሻው ፊርማ የእናንተ ስለሆነ ሪፖርቱ ሲደርስ አይዘግይ። ስለ ቫቱ ደግሞ ከገንዘብ ሚኒስቴር ጋር ተነጋገሩ፤ መጠገን ከማፍረስ በላይ አይቀጣ።

ባለሙያ ስትልኩ እባካችሁ በሥራ ቀን ከቀትር በኋላ አትላኩት፣ ያን ጊዜ ቤቱ ጨለም ያለና ባዶ ነው። እሁድ በማለዳ፣ በእናንተ ሰዓት 6 ተኩል ላይ ይምጣ። በሩ ክፍት ነው። ጫማውን ከኛ ጫማ ጎን ያስቀምጥና ከሁለተኛው ምሰሶ አጠገብ ይቁም፤ ብርሃኑ የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ከለንደን ዳር አንድ ምእመን