ቃላችን አዋጅ ይሁን፦ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የአየር ንብረት ለውጥ አዋጅ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣

ያደግሁት ወሎ ደጋ ላይ ነው። በእኛ ቀዬ ገብስ የሚዘራው በበልግ ነው። ክረምቱ ውርጭና የሚተኛ ውሃ ስለሚያመጣ፣ በልግ ከከዳ የዓመቱ ቀለብ ከዳ ማለት ነው። ዛሬ ገበሬው በልግን አያምነውም፤ ዘሩን ቋጥሮ ሰማይ ሰማይ ያያል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እርሱ ነው።

መንግሥታችን በዚህ ጉዳይ ቃል ከገባ ቆይቷል። በ2004 ዓ.ም. ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ወጣ። በ2009 የዓለም አገሮች የሙቀት መጨመርን ለመግታት የተስማሙበት የፓሪስ ስምምነት በእናንተው ምክር ቤት ጸደቀ። በ2011 ከተለወጠው አየር ንብረት ጋር ተላምዶ ለመኖር የሚያስችል ብሔራዊ የመላመድ ዕቅድ ተዘጋጀ። በ2013 በተከለሰው አገራዊ ቃል ደግሞ፣ ምንም ሳይሠራ ቢቀር በ2030 እ.ኤ.አ. ይደርሳል ከተባለው የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት 68.8 በመቶውን እንደምንቀንስ ለዓለም አሳወቅን። ከ68.8ቱ 14ቱ በራሳችን አቅም የሚሠራ ነው፤ የቀረው 54.8 በውጭ ድጋፍ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

“ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9(4) የጸደቁ ስምምነቶችን የአገሪቱ ሕግ አካል አድርጓቸዋል፤ ሌላ አዋጅ ለምን ያስፈልጋል?” የሚል ከመካከላችሁ ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን 68.8 የሚለው ቁጥር በፓሪስ ስምምነት ውስጥ የለም። የትኛው ሚኒስቴር ስንቱን እንደሚቀንስ፣ የትኛው ክልል ምን እንደሚሠራ፣ ሳይሠራ ቢቀር ማን እንደሚጠየቅ ስምምነቱ አይናገርም። ያንን መናገር የሚችለው የአገር ውስጥ ሕግ ነው። ስትራቴጂ መሥሪያ ቤቱ ሲፈርስና ሲዋሃድ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። አዋጅ ግን እናንተ እስክትሽሩት ድረስ ይጠይቃል።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንሸራቶ ሰዎችን ቀበረ። ጎረቤት በዶማ፣ ዶማ ያጣውም በእጁ እየቆፈረ ሊያወጣቸው ሲሯሯጥ፣ ሁለተኛው ናዳ እርሱንም ዋጠው። ከ200 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። ተዳፋቱን አስቀድሞ ማጥናት፣ ዝናቡ ሲበረታም ነዋሪውን ማስነሳት የማን ግዴታ እንደሆነ እያንዳንዱ ወረዳ ከሕግ ላይ አንብቦ ማወቅ አለበት። ካልሆነ ሁልጊዜም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ጎረቤታችን ኬንያ በ2016 እ.ኤ.አ. የአየር ንብረት ለውጥ ሕግ አውጥታለች። በሕጉ የተቋቋመውን የአየር ንብረት ለውጥ ምክር ቤት የሚመራው የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነው። መንግሥት በየአምስት ዓመቱ የድርጊት መርሐ ግብር ያወጣል፤ ካውንቲ የሚባሉት የአካባቢ መስተዳድሮችም ጉዳዩን በልማት ዕቅዳቸው የማካተት ግዴታ አለባቸው። ቦረና ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ነው፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከዱ ከብቱ በሁለቱም በኩል አልቋል። ሕግ ዝናብ አያዘንብም። ጠያቂውንና ተጠያቂውን ግን ይለያል። የብሪታንያ የ2008 እ.ኤ.አ. የአየር ንብረት ለውጥ ሕግ ደግሞ መንግሥት በየአምስት ዓመቱ የልቀት ጣሪያ በሕግ እንዲያስቀምጥ ያስገድዳል፤ ገለልተኛ ኮሚቴም ሥራው የት እንደደረሰ በየዓመቱ ለፓርላማው ይናገራል። እኔ ለአገሬ ከሁሉ አብልጬ የምመኘው ይህን ነው፦ አስፈጻሚው ራሱን ብቻ እየመዘነ ሳይሆን፣ ሌላ መዛኝ ኖሮት በየዓመቱ በእናንተ ፊት እንዲቆም።

አዋጁ የእኛን መልክ ይያዝ። ከልቀታችን ትልቁ ድርሻ የሚመጣው ከፋብሪካ ጭስ ሳይሆን ከከብት እርባታ፣ ከእርሻና ከደን ምንጠራ ነው። ስለዚህ የልቀት ቅነሳው ሥራ የመኖ፣ የከብት ጤና፣ የማገዶና የደን ሥራ ነው። በራሳችን አቅም እንሠራዋለን ያልነው 14 በመቶ የማንንም እርዳታ ሳይጠብቅ ለየዘርፉ ተከፋፍሎ በሕግ ይጻፍ። ችግኝን በተመለከተ ስንት ተተከለ ብቻ ሳይሆን፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ስንቱ ቆሞ እንዳለ ተቆጥሮ ሪፖርት ይደረግ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መወሰኑን በበጎ አየዋለሁ፤ ሆኖም ውሳኔ በሌላ ውሳኔ ይሻራልና እንዲህ ያለው ነገር በአዋጅ ጥላ ሥር ቢሆን ይጸናል።

የአየር ንብረት ለውጡን ጉዳት የመቋቋሙ ሥራ ግን ከዚህም ይቀድማል። ወረዳ ላይ የበጀት መደብ ከሌለው ቃል ብቻ ነው የሚሆነው። የኩሬው፣ የእርከኑ፣ የዘር ክምችቱና የማስጠንቀቂያው ገንዘብ በየዓመቱ በስሙ ተመድቦ ይታይ።

አንድ ያለንን ሀብትም አደራ እላለሁ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳይጠበቅበት አቤቱታ እንዲያቀርብ፣ በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኘም ፍርድ ቤት እንዲሄድ ይፈቅዳል። አዲሱ አዋጅ ይህን በር ክፍት ያድርግ። ሕገ መንግሥቱ “ሁሉም ሰዎች ንፁህና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አላቸው” ይላል፤ መብት ደግሞ መጠየቂያ ቦታ ይፈልጋል።

በ2027 እ.ኤ.አ. 32ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። እንግዶቻችን ከመምጣታቸው በፊት ረቂቁ እናንተ ዘንድ ቀርቦ ይመከርበት። የሕዝብ አስተያየት መስሚያውም የከተማ አዳራሽ ብቻ አይሁን። ቦረናና ጎፋ ይወረድ፤ የወሎ ደጋ ገበሬም የበልጉን ነገር ራሱ ይንገራችሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ ዜጋ